ከውሻ የምንማረው አጽናኝነት

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ እናቷን ካጣች ሁለት ወር ሆናት። ልጠይቃት ስሄድ የምናገረው እየጠፋኝ እግሬን አሳጠርሁ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያራቀዎት ይኸው ቃል ፍለጋ ይመስለናል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የለንደን ጎልድስሚዝስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ በ18 ውሾች ፊት ሰዎች እየተፈራረቁ ሲያወሩ፣ ሲያንጎራጉሩና የለቅሶ ድምፅ ሲያሰሙ፣ አብዛኞቹ ውሾች ወደሚያለቅሰው፣ የማያውቁት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ረጋ ብለው ተጠግተዋል። ርኅራኄ ይሁን የለመዱት ነገር፣ ተመራማሪዎቹም አልደመደሙም፤ ለእርስዎ ግን አቀራረቡ ይበቃል። «ጊዜ ያስረሳል» ማለቱን ይተዉትና ቡናው እስኪፈላ አጠገቧ ይቀመጡ፤ የእናቷን ነገር ካነሳችም ወሬ አይቀይሩባት። ከአርባው በኋላ ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ስለሚል፣ ከሥራ መልስ ብቅ የሚሉት አሁን ነው።