እናቴ የዓይኗን ፀጉር በወረንጦ ታስነቅላለች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የምትኖረው ደብረ ታቦር አካባቢ ገጠር ነው። ሰሞኑን አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥታለች። ዕድሜዋ 60 ገደማ ይሆናል። ዓይኖቿ፣ በተለይ የቀኙ፣ ቀኑን ሙሉ ያነባሉ። ፀሐይ አትችልም። ቡና ሲቆላ ጭሱን ሸሽታ ውጭ ትወጣለች። «አሸዋ ያለበት ይመስለኛል» ትላለች። አገር ቤት ጎረቤቷ በየሁለት ሳምንቱ የዓይኗን ፀጉር በወረንጦ ትነቅልላት ነበር፤ አሁን እኔን ንቀይልኝ እያለች ነው። ሞራ ይሆን? መነጽር ልግዛላት? ኦፕሬሽን የሚለውን ቃል ሳነሳባት «ዓይኔን ሊያወጡት ነው» ብላ ትቆጣኛለች። ሁለት ትንንሽ ልጆችም አሉኝ። ይጋባባቸው ይሆን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓይን በብዙ ምክንያት ሊያነባ ይችላል። በየሁለት ሳምንቱ ፀጉሩ የሚነቀል ከሆነ ግን፣ ሰውየው ደግሞ ከደቡብ ጎንደር ገጠር የመጣ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙም አያከራክርም። ሳላያቸው ቁርጡን መናገር አልችልም። የነገሩኝ ነገር ሁሉ ግን ወደ አንድ ነገር ያመለክታል፦ ትራኮማ በተወው ጠባሳ የተነሳ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሷል። ትራኮማ ማለት በተለምዶ የዓይን ማዝ የምንለው ነው።

ሞራ አይመስለኝም። ሞራ አይቆረቁርም፣ እንባም አያስፈስስም። ዝም ብሎ ዕይታን እያደበዘዘ ነው የሚሄደው። በዚህ ዕድሜ ሞራም አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ሲመረመሩ ይታያል። አሁን ሥቃይ የሆነባቸው ግን እሱ አይደለም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልዎ ዓይን እንዴት እንደተሠራ ትንሽ ላስረዳዎ። ክቡ የዓይን ኳስ ከዳር እስከ ዳር 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የተቀመጠው ሰባት አጥንቶች ተገጣጥመው በሠሩት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዙሪያውን ስብ ደግፎታል። ስድስት ጡንቻዎች ያዞሩታል። ከኋላው የወጣው ነርቭ ምስሉን ወደ አንጎል ይወስዳል። ይህ ሁሉ እናትዎ ዘንድ ደህና ይመስለኛልና አልፈዋለሁ። የእሳቸው ጣጣ ያለው ከፊት ነው፤ ሰው ከቁም ነገር በማይቆጥረው የዓይን ቆብ ላይ።

እስቲ የራስዎን የላይኛውን ቆብ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይያዙት። የውጭው ቆዳ በጣም ስስ ነው፤ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ ስሱ እሱ ነው። ከሥሩ ዓይንን የሚጨፍነው ጡንቻ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ጣትዎ ላይ ጠንከር ብሎ የሚሰማዎ ታርሰስ ይባላል። ለቆቡ ቅርጹን የሚሰጠው እሱ ነው። የላይኛው ታርሰስ መሀሉ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት አለው። በውስጡ ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች ተደርድረዋል፤ አፋቸውም በቆቡ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይከፈታል። የመጨረሻው ንጣፍ፣ ዓይኑን በቀጥታ የሚነካው፣ ኮንጃንክቲቫ የሚባል ስስ እርጥብ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን የቆቡን ውስጥ ካለበሰ በኋላ ይታጠፍና የዓይኑንም ነጭ ክፍል ያለብሳል። በነገራችን ላይ «ጉድፍ ከዓይኔ ኋላ ገብቶ ቀረ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አይገባም፤ እጥፋቱ መንገዱን ዘግቶታል። ጉድፉ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ቆብ ሥር ተለጥፎ ነው የምናገኘው።

ትራኮማ የሚያጠቃው ይህንኑ የቆቡን የውስጥ ሽፋን ነው። አምጪው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ልጅ እያሉ ይይዛል፣ ይሻላል፣ ተመልሶ ይይዛል። በእጅ፣ በጋራ ፎጣ፣ ፊት በተጠረገበት የነጠላ ጫፍ፣ ፊት ላይ በሚያርፍ ዝንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከልጆች ጋር የሚውሉት ሴቶች ስለሆኑ በበሽታው ዓይናቸውን የሚያጡትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። በተደጋገመ ቁጥር ጠባሳ ይጥላል። ቆቡን ገልብጠን ስናይ፣ ሮዝ መሆን በሚገባው ገጽ ላይ ነጭ መስመር አግድም ተሰምሮ እናገኛለን። ጠባሳ ደግሞ ይኮማተራል። እርጥብ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ጠርዙ እንደሚጠቀለለው፣ የቆቡም ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ወደ ውጭ መቆም የነበረበት ፀጉር ዓይኑ ላይ ይተኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ጀንበር አይሆንም፤ በልጅነት የተጀመረው ነገር የሚታየው ሰውየው ጎልምሶ ነው።

ይህ የእናትዎ ብቻ ችግር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 3.1 በመቶው ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰ መሆኑን አሳይቷል። በዚያው ጥናት ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ሞራ ነበር፣ ግማሽ ያህሉን ይዞ። ትራኮማ ደግሞ 11.5 በመቶውን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ጠባሳው ቀደም ብሎ የተጣለባቸው እንደ እናትዎ ያሉ ሰዎች ዛሬም ወደ ክሊኒክ እየመጡ ነው።

አሁን ፀጉሩ የት ላይ እንደሚያርፍ እንይ። የዓይኑን ጥቁር ክፍል ከፊት የሸፈነው ጥርት ያለ ንጣፍ ኮርኒያ ይባላል፤ ብዙ ሰው የዓይን ብሌን የሚለው ነው። ውፍረቱ መሀሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ብርሃን እንዲያሳልፍ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በእንባው በኩል ከአየር ነው። ነርቭ ግን ሞልቶበታል። በሰውነታችን ውስጥ እንደ እሱ በትንሽ ነገር የሚያምም ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። በቀን ሲደመር ከ10 ሺህ ይበልጣል። እናትዎ ባርገበገቡ ቁጥር ያ ፀጉር ኮርኒያቸውን ይፈገፍጋል። «አሸዋ ያለበት ይመስለኛል» ያሉት ለዚህ ነው፤ ማጋነን አይደለም።

እንባውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እንባ የሚያመነጨው ዋናው ዕጢ ከዓይኑ በላይ፣ በጆሮ ግንድ በኩል ካለው አጥንት ሥር ተደብቋል። እንባው በማርገብገብ ዓይኑ ላይ ይዳረስና በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ፣ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ሲያለቅሱ ንፍጥ የሚመጣው፣ የዓይን ጠብታ ሲያደርጉ ደግሞ ጉሮሮዎን መረር የሚልዎ በዚህ ቱቦ ምክንያት ነው። ኮርኒያ ሲፋቅ ነርቩ ዕጢውን ይቀሰቅሰዋል፣ ዕጢው ከቱቦው አቅም በላይ ያመነጫል፣ የተረፈው ጉንጭ ላይ ይወርዳል። ጭስና ፀሐይ የቆሰለውን ነርቭ ይብስ ይነካኩታል። አልፎ አልፎ ቱቦው ራሱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በቀላሉ ይፈትሸዋል።

ጥቁር መነጽር ይግዙላቸው፣ ደግ ነው። ብርሃኑን ያስታግስላቸዋል። ፀጉሩን ግን አያነሳውም።

ወረንጦውን በተመለከተ አንዳንድ ባልደረቦቼ ሲሰሙ ይቆጣሉ። እኔ ጎረቤቲቱን አልቆጣም። ሥቃይ መድረሻ ላሳጣው ሰው እፎይታ ሰጥታለች። መንቀል በሕክምናም የታወቀ ነገር ነው፦ የተቀለበሰው ፀጉር ጥቂት ከሆነና በሠለጠነ ሰው፣ በጥሩ ወረንጦ፣ በክትትል ከተነቀለ። አማራ ክልል ውስጥ በ1,300 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ ቀለል ያለ ችግር ባለባቸው ሰዎች ዘንድ በነቀሉትና ኦፕሬሽን በተሠራላቸው መካከል የዕይታ ልዩነት አላገኘም። ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ወረንጦው ዶልዱሞ ፀጉሩን ከመንቀል ይልቅ ይሰብረዋል። የተሰበረ ፀጉር ጫፉ አጭርና ስለታም ነው። ከረዥሙ ይልቅ እሱ ይወጋል። ቢነቀልም በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይበቅላል። እናትዎ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ የሚያስነቅሉ ከሆነ ፀጉሩ ጥቂት አይመስለኝም። ስለዚህ ወደ ሐኪም ከመውሰድዎ በፊት ባሉት ቀናት አይንቀሉላቸው። የትኛው ፀጉር የት እንደሚነካ መታየት አለበት።

እርስዎም ማየት ይችላሉ። ቀን ላይ መስኮት ዳር ያስቀምጧቸው። በስልክዎ መብራት ከጎን እያበሩ ቀጥ ብለው እንዲያዩ ይንገሯቸው፣ ከዚያ ቆባቸውን በአውራ ጣትዎ በትንሹ ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት። ፀጉር ጥቁሩ ላይ ተኝቶ ካዩ ነገሩ ያ ነው። ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ደብዛዛ ጉም የመሰለ ነገር ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው። ድንገተኛ ብርቱ ሕመም፣ መግል፣ ወይም ዕይታ መቀነስ ካለም እንደዚያው። ቁስሉ ኢንፌክሽን ሆኖ ይሆናል። ኮርኒያ ላይ የቀረ ነጭ ጠባሳ በጠብታ አይጠፋም። የብሌን ንቅለ ተከላ በአገራችን ይሠራል፤ ሆኖም ቆቡ የተበላሸና የደረቀ ዓይን ላይ የተተከለ ብሌን ብዙ ጊዜ አይበረክትም። የምቸኩልብዎ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ከፋርማሲ ዝም ብለው ጠብታ አይግዙ። በተለይ ዴክሳሜታዞን ያለበትን። ለሁለት ቀን ቅላቱን ያጠፋና ሰው ያመሰግነዋል። ኮርኒያ ላይ ቁስል ካለ ግን ኢንፌክሽኑን ያባብሳል፤ ለረዥም ጊዜ ከተወሰደም የዓይን ግፊት ይጨምራል። የቅጠል ጭማቂ፣ የጡት ወተት፣ የመሳሰለውንም ዓይን ውስጥ እንዳይጨምሩ።

አሁን ወደ ኦፕሬሽኑ። እናትዎ የሚፈሩትን ነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በግልጽ ይንገሯቸው፦ የዓይን ኳሱ አይከፈትም። የሚሠራው ቆቡ ላይ ብቻ ነው። ቆቡ ላይ ማደንዘዣ ይወጋል፤ የሚያምመው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ታርሰሱ ከጠርዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰነጠቅና ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። ፀጉሩ ከዓይኑ ይርቃል። ዓይናቸው ተሸፍኖ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ በማግስቱ ይገለጥላቸዋል። በገጠር ይህን የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። ትራኮማ ባለባቸው ወረዳዎች በጤና ጣቢያና በዘመቻ በነፃ ይሰጣል። አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት እዚህ እንዲታዩ ከፈለጉ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን ጨምሮ የዓይን ክፍል ያለው ማንኛውም ሆስፒታል ይሆናል።

ፍጹም ነው ብዬ ግን አላታልልዎትም። አማራ ክልል ውስጥ በ1,000 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለት የኦፕሬሽን ዓይነቶችን አወዳድሮ ነበር። በዓመቱ በአንደኛው ከተሠራላቸው 13 በመቶዎቹ፣ በሌላኛው 22 በመቶዎቹ ፀጉሩ ተመልሶባቸዋል። የተሻለው ቆቡን ከውስጥ በኩል ብቻ የሚሰነጥቀው ነው። ስለዚህ ከተሠራ በኋላ ክትትሉን እንዳይተዉ። ቢመለስም እንደገና ይሠራል። ኦፕሬሽኑ መቆርቆሩንና እንባውን ያቀልላል፣ የቀረውን ዕይታም ይጠብቃል። ኮርኒያው ላይ ቀድሞ የተጣለውን ጠባሳ ግን አያጠፋም፤ ይህን አስቀድመው ካላወቁ በኋላ ያዝናሉ።

እሺ ካላሉዎ አይጨቃጨቁ። ከሰፈራቸው የተሠራለት ሰው አይጠፋም። ስልክ ደውለው ያገናኟቸው። ከሐኪም ምክር ይልቅ የዚያ ሰው ቃል ይሠራል።

የልጆችዎን ነገር በተመለከተ አይስጉ። የተቀለበሰ ፀጉር አይጋባም፤ እናትዎ ላይ ያለው የድሮ ጠባሳ ነው። የሚጋባው ባክቴሪያው ነው፣ እሱም በብዛት የሚገኘው በሽታው ባለባቸው መንደሮች ልጆች ዓይን ላይ ነው። እዚያ በየዓመቱ በዘመቻ አዚትሮማይሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታደላል፤ ልጆቹ በመለኪያ እንጨት ቁመታቸው እየታየ መጠኑ ይወሰንላቸዋል። ልጆችዎ አገር ቤት አያታቸው ዘንድ ለክረምት የሚሄዱ ከሆነ ፊታቸው በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ የራሳቸው ፎጣ ይኑራቸው። ተመልሰው ዓይናቸው ቀልቶ ፈሳሽ ካለውና በጥቂት ቀን ካልተሻላቸው ያሳዩዋቸው፤ ቆባቸው ይገለበጥና ይታያል፣ ደቂቃም አይፈጅም።