መልስ፦ ስትሮክ ለመታቸው አባቴ ስማርት ሰዓት ልግዛ ወይ?

እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። ሰዓቱ የእርምጃቸውን ለውጥ ያሳየኛል ወይ ብለሻል። የእርምጃውን ብዛት ያሳያል፤ ግን የት እንደሚታሰር ይወስነዋል።

እጅ ላይ ያለ ሴንሰር (ሰዓቱ ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ መለኪያ) እርምጃን የሚገምተው በአብዛኛው ከክንድ መወዛወዝ ነው። አባትሽ ደግሞ ከዘራ ይዘው ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት ብለሻል። ብዙ እርምጃ ያመልጠዋል። በደህናው እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ሲታሰር የተሻለ ይቆጥራል። ከማራኪ ወደ ፒያሳ በባጃጅ ሲሄዱ ግን አውልቂላቸው፤ መንገጫገጩንም እርምጃ ሊለው ይችላል!

የደከመ እጃቸውን መጠቀማቸውን ለማወቅ ከሆነ፣ በሁለቱም የእጅ አንጓ አንድ አንድ ሴንሰር አስሮ የቀኑን እንቅስቃሴ ማወዳደር ነው። ፊዚዮቴራፒስት (እንቅስቃሴ የሚያለማምደው ባለሙያ) ፊት የሚነሳ እጅ ቤት ሲገባ ጭን ላይ ተኝቶ ሊውል ይችላል። ደህናው እጅ ሁሉን ይሠራለታላ። ሴንሰር በደንብ የሚያጋልጠው ይህንን ነው።

ቁጥሩን ከራሳቸው ካለፈው ሳምንት ጋር እንጂ ከጎረቤት ጋር አታወዳድሪ። አረማመዳቸው መስተካከሉን ደግሞ ሰዓቱ አይነግርሽም፤ እግር እየጎተቱም ይቆጥራል። እሱን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አሳዪ። ብር ካጠረሽ ሰዓቱን ተይውና ለሕክምናው ምልልስ አውዪው።