ኪራይ 25,000፣ የባንክ ክፍያ 61,700፦ እንግዛ ወይስ እንቆይ?

ጥያቄ፦ ባልና ሚስት ነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ቤት በወር 25,000 ብር ተከራይተን እንኖራለን። የሁለታችን ደመወዝ ተጣርቶ 110,000 ብር ነው፤ ያጠራቀምነው 2,500,000 ብር አለ። ጀሞ ያየነው ተመሳሳይ ቤት 6 ሚሊዮን ይባላል። ቤተሰብ «የኪራይ ገንዘብ ሜዳ ላይ የሚቀር ነው፤ ተበደሩና ግዙ» ይለናል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? (ከገርጂ)

መልስ፦ የኪራይ ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም፤ ልክ ናቸው። የባንክ ወለድም ተመልሶ አይመጣም። ቤተሰብ ሲመክር ይሄኛውን ይረሳል።

ካላችሁ ላይ መጀመሪያ 500,000 ብር ለይታችሁ አስቀምጡ። የቴምብር ቀረጥ ብቻውን 2 በመቶ፣ ማለትም 120,000 ብር ነው። የስም ማዛወሪያው፣ የውል ማጽደቂያው፣ የደላላውና የዕቃ መጫኛው ሲደመርበት ብዙ የሚተርፍ አይደለም። ሻጩ «ግብሩንም ገዢ ይቻለው» ካለ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። ካፒታል ጌይን የሚባለው፣ ከሽያጩ በተገኘው ትርፍ ላይ የሚጣለው ግብር የሻጭ ነውና ማን እንደሚከፍለው ገና በድርድሩ ይለይ፤ ቀብድ ከተሰጠ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ መሆን የለበትም።

ስለዚህ 2 ሚሊዮን ከእጃችሁ ትከፍላላችሁ፣ 4 ሚሊዮን ትበደራላችሁ። ወለዱ 18 በመቶ፣ ዘመኑ 20 ዓመት ነው እንበል። የወር ክፍያው ወደ 61,700 ብር ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 60,000ው ወለድ ነው፤ ዋናውን ዕዳ የሚነካው 1,700 ብር ገደማ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 741,000 ብር ያህል ትከፍሉና ከዕዳው የሚቀነሰው 22,600 ይሆናል። አምስት ዓመት ሳታቋርጡ ከፍላችሁ፣ 3.7 ሚሊዮን ብር ከኪሳችሁ ወጥቶ፣ ባንኩ ገና 3.83 ሚሊዮን ይፈልግባችኋል። ሰባት ስምንት ዓመት የማትኖሩበትን ቤት በዚህ ወለድ መግዛት የማንመክረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል፤ ወለዱ ካልተነካ ግን የወር ክፍያው ባለበት ይቆማል። ብር እየረከሰ ሲሄድ ዛሬ የከበደው 61,700 ከአሥር ዓመት በኋላ ሊቀል ይችላል። ክርክሩ ጥሩ ነው። ችግሩ «ወለዱ ካልተነካ» የሚለው ላይ ነው፤ በብድር ውሎች ውስጥ ባንኩ ወለዱን መለወጥ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ የተለመደ ነው። ወደ 20 በመቶ ቢወጣ የወሩ ክፍያ 67,950 ይሆናል። ውሉ ሲሰጣችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን አንቀጽ ፈልጉ።

የስድስት ሚሊዮኑን ቤት በዚህ ደመወዝ ብትገዙ ለወር ኑሮ 48,000 ብር ይተርፋችኋል። ለልጆች ትምህርት ቤት፣ ለአስቤዛና ለትራንስፖርት አይበቃም። የወር ክፍያ ከተጣራ ገቢ ሲሶውን ባያልፍ ይሻላል፤ የእናንተ ሲሶ 36,700 ብር ነው፤ እሱ የሚሸከመው ወደ 2.4 ሚሊዮን ብድር ነው። በእጃችሁ ካለው ጋር የምትችሉት ቤት 4.4 ሚሊዮን ገደማ ነው ማለት ነው። ወይ ባለ አንድ መኝታ፣ ወይ ከጀሞም የራቀ።

አቅማችሁን ሳትበደሩ መፈተን ትችላላችሁ። የኪራዩና የባንኩ ክፍያ ልዩነት 36,700 ብር ነው። ይህን ለስድስት ወር በየወሩ በሌላ ደብተር አስቀምጡ። ሳትነኩት ከዘለቃችሁ 220,200 ብር ጨምራችኋል፤ በሦስተኛው ወር ከነካችሁት ደግሞ ከባንክ ዕዳ አመለጣችሁ።

ቤቱን በክረምት፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ደግማችሁ እዩት። የመጨረሻው ፎቅ ከሆነ ኮርኒሱ ላይ የውኃ ቀለበት ፈልጉ፤ ምድር ቤት ከሆነ የላይኞቹ ፍሳሽ በመታጠቢያው ይመለስ እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ፤ ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደሚወጣም ያው ጎረቤት ያውቃል። አዲስ ቀለም አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ከተቀባ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሪያድ የምሠራ ሴት ነኝ። ወንድሜ ርካሽ ኮንዶሚኒየም አግኝቷል። ገና አምስት ዓመቱ ስላልሞላ ባለቤቱ ውክልና ሰጥቶ፣ ስሙ በኋላ ይዛወራል ተብሏል። ገንዘቡን ልላክ?

መልስ፦ እህታችን፣ አይላኩ። የዕጣ ቤት ከተላለፈ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም፤ ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፤ ከሞተም አብሮት ይሞታል፤ ያኔ ወራሾቹ ቤቱን በሕግ ይጠይቃሉ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል፤ አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ብዙዎች የሚተማመኑበት «ሻጭ ካፈረሰ ቀብዱን እጥፍ ይመልሳል» የሚለው ደንብ (አንቀጽ 1885) የሚሠራውም ከጀርባው የሚጸና ውል ሲኖር ነው።

ጊዜው የሞላና ካርታ የወጣለት ቤት ሲገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወንድምዎ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያጣራ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው አብሮ ይፈርም፤ ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ያለ ትዳር ጓደኛ ፈቃድ የተሸጠ የጋራ ቤት ኋላ ክስ ይከተለዋል። ገንዘቡ በሻጭ ስም በተሠራ ሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ)፣ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ በሚፈረምበት ቀን ይሰጥ። ለወንድምዎ የሚሰጡትን ውክልና ኤምባሲው ያረጋግጥልዎታል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቀርባል። ጽሑፉ ላይ «በስሜ እንዲገዛልኝ» የሚለው ቃል በግልጽ ይኑር። ወንድም ቢሆንም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ልከራይ ነው። አከራዩ የስድስት ወር በቅድሚያ፣ ያውም በጥሬ ብር ይላሉ። ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ይህን ሲሰሙ አከራዩ «ሌላ ተከራይ አለኝ» ሊሉ ይችላሉ፤ በተግባር የሚገጥመው ይህ ነው። ቤቱ በጣም አስፈልጎዎት በክፍያው ቢስማሙ እንኳ ብሩን በባንክ ያስገቡ፤ ምክንያቱ ላይም «የኪራይ ቅድሚያ» ብለው የወሮቹን ስም ይጻፉ። በጥሬ ብር የተሰጠ ስድስት ወር፣ አራተኛው ወር ላይ «አልተቀበልኩም» ሲባል ማስረጃ የለውም።