ካሴቱ ምንም አልሆነም፣ መጀመሪያ የፋይሉን ቁመት እይ

የፍኖተ ሰላሙ ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን አየሁት። የእህትህን ሰርግ ከሚኒ ዲቪ ካሴት ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠሃል። ሰው ቆሞ ሲያወራ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ጭፈራው ሲጀመር ግን የትከሻና የእጅ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይተለተላል። ያስገለበጥክበት ቤት ደግሞ «ካሴቱ አርጅቷል» ብሎ ሸኘህ። ኧረ ተው! ይቺን መልስ እኔም ቀምሻታለሁ፣ ለዚህ ነው ሥራዬን ትቼ የምጽፍልህ።

ካሴት ሲያረጅ ወይም የካሜራው ሄድ (ካሴቱን የሚያነበው ክፍል) ሲቆሽሽ ምስሉ በካሬ በካሬ ይሰባበራል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ሰው ተንቀሳቀሰ አልተንቀሳቀሰ አይልም። ያንተ ከእንቅስቃሴ ጋር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ኢንተርሌስድ ነው። እኛ አገር ሲሠራባቸው የነበሩት ካሜራዎች ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ደረጃ የሚቀዱ ናቸው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ሙሉ ምስል) ይባል እንጂ የሚቀዱት 50 ግማሽ ምስል ነው። አንዴ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያሉ የሚሄዱትን መስመሮች፣ ከ1/50 ሰከንድ በኋላ ደግሞ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ ያሉትን። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን በየተራ ስለሚያወጣቸው ዓይን አያስተውለውም። ኮምፒውተር ግን ሁለቱን ባንዴ ለጥፎ ያሳይሃል፣ በዚያች ቅጽበት ደግሞ እስክስታ የሚመታው ትከሻ ቦታውን ለቋል። ሌላ ተአምር የለውም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ።

1. ፋይሉን ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ክፈት። ከቪዲዮ ሜኑ ዲኢንተርሌስን (ሁለቱን ግማሾች የሚፈታውን) አብራና ሞዱን ያዲፍ 2ኤክስ አድርገው። ማበጠሪያው ከጠፋ ፋይልህ ደህና ነው፣ ቀጥታ ወደ 3 እለፍ።

2. ካልጠፋ ሚዲያኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም አውርደህ የምስሉን ቁመት፣ ማለትም የመስመሮቹን ብዛት፣ እይ። 576 ካለ ተስፋ አለ፣ መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው ማለት ነው። 480 ወይም 720 ካለ ግን አንድ ሰው ኢንተርሌሱን ሳይፈታ ምስሉን ጨፍልቆታል ወይም ለጥጦታል። ያን ጊዜ የሁለቱ ግማሾች መስመር እርስ በርሱ ይደባለቃል፣ ከዚያ ወዲያ አጥርቶ የሚለያቸው ፕሮግራም አላገኘሁም።

እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው። የአጎቴን ልጅ ሰርግ ባሕር ዳር አንድ ቤት ሰጠሁ፣ ስሙን ተወው። ያመጡልኝ 640 በ480 የሆነ ሚጢጢ ፋይል ነው፣ ጭፈራው በሙሉ ተተልትሏል። ብጠይቀው ልጁ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «ካሴቱ ነው ጋሼ» አለኝ። ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ካሜራውን በቢጫው ገመድ ከድሮው ቴሌቪዥን ጋር ሰካሁት፤ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ታየ! ካሜራዬን ይዤ ሄጄ እዚያው ቤት ቴሌቪዥን ላይ አሳየሁት። ይቅርታ የሚል መሰለህ? «ሚዲያኢንፎ ፕሮግረሲቭ ነው ይላል እኮ» ብሎ ተከራከረኝ፣ ኢንተርሌስድ አይደለም ማለቱ ነው። ሚዲያኢንፎ ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ያነባል እንጂ ምስሉን አያይም። ፋይሉን የጻፈው ደግሞ እሱ ራሱ ነው! በመጨረሻ እንደገና እንገልብጥልህ ግን እንደገና ትከፍላለህ አሉኝ። ገንዘቡ አይደለም ያበሸቀኝ፣ ያ ትዕቢት ነው። ከዚያ ወዲህ ፋየርዋይር (የዲቪ ካሜራ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝበት ሶኬት) ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ፈልጌ ገዛሁ፣ ዛሬ እዚህ ማርቆስ ዲቪ ካሴት ያለው ሰው እኔን ነው የሚጠይቀው።

ስለዚህ ያስገለበጥክበትን ቤት የምትጠይቀው ይሄን ነው፦ በፋየርዋይር የገባው፣ ያልተነካው ዲቪ ፋይል አለ ወይ? እሱ ለ1 ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። የአንድ ሰዓት ሰርግ 700 ሜጋባይት አድርገው ከሰጡህ ጨምቀውታል። «ፍላሽህ አይችለውም» ሊሉህ ይችላሉ፣ እዚህ ላይ እንኳ እውነት አላቸው፤ ፋት32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስ የሆነ ሃርድ ዲስክ ይዘህ ሂድ።

3. ፋይልህ ደህና ከሆነ ወይም ያልተነካውን ካገኘህ በኋላ ቅጂውን ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ለውጥ። ፊልተር ውስጥ ዲኢንተርሌስን ያዲፍ ወይም ቢደብልዩዲፍ፣ ፕሪሴቱን ቦብ አድርግ። ኢንተርሌስ ማወቂያውን አጥፋው፣ አለበለዚያ የሚመስለውን እየመረጠ ይሠራና አንዳንድ ቦታ ማበጠሪያ ይተዋል። የሚወጣውም በሰከንድ 50 ፍሬም መሆኑን አረጋግጥ። ብዙ ሰው በ25 ያወጣዋል፣ ማበጠሪያውም ይጠፋል፣ ግን ግማሹን እንቅስቃሴ ጥሎታል። የጎጃም እስክስታ በ25 ሲወጣ ትከሻው የደከመ ይመስላል፣ እኔ አይጥመኝም። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፣ መብራት እንዳይሄድብህ ጸልይ።

ማበጠሪያው ጠፍቶ ሰዉ ወደፊት ወደኋላ እየተንቀጠቀጠ ቢታይህ የሁለቱ ግማሾች ቅደም ተከተል ተገልብጧል። ዲቪ የታችኛውን ግማሽ ያስቀድማል፤ 1080 መስመር ያለው ኢንተርሌስድ ኤችዲ ደግሞ የላይኛውን። ብዙ ኤዲተር የዲቪ ፋይል ኤችዲ ታይምላይን ላይ ይጥልና እዚህ ይያዛል። የምትለውጠው ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ፕሮግራም ከሆነ የያዲፍን ፓሪቲ ቢኤፍኤፍ (የታችኛው ይቅደም) አድርገው።

የሙሽራዋ ቀይ ካባ ጠርዙ ላይ ደረጃ ደረጃ ይሠራል ያልከው የዚሁ ዘመድ ነው። ቀለሙም ለየግማሹ ተለይቶ ነው የተቀመጠው፣ ማጫወቻው ይህን ካልተረዳ መስመሩን ያሳስታል። ጎልቶ የሚታየውም ቀይ ላይ ነው። ባልተነካው ፋይል በሌላ ማጫወቻ ሞክረው።

ከአዲሱ ካሜራ ካርድ የወጣው ኤምቲኤስ የቪዲዮ ፋይል ላይ ያልፋል ያልከው አረንጓዴ ካሬ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቪኤልሲ ፕሪፈረንስ ውስጥ ኢንፑት እና ኮዴክስ የሚለው ገጽ ላይ ሃርድዌር ዲኮዲንግን አጥፍተህ ፕሮግራሙን ዝጋና ክፈት። አንዳንድ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ እንዲህ ያለው ፋይል የሚጨመቅበት ኢንተርሌስድ ኤች 264 ይከብደዋል። የእኔ ላይ በዚሁ ነው የተስተካከለው።

ሚዲያኢንፎ የሚልህን ቁመት፣ የፋይሉን ክብደትና ስካን ኦርደር (የትኛው ግማሽ እንደሚቀድም) የሚለውን መስመር እዚሁ ጻፍልኝ። ካሴቱን ግን ለዚያ ቤት ደግመህ አትስጥ።