«ሲስተር፣ ልጄ አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው»፦ ስለ አዴኖይድ ኦፕራሲዮን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? እኔ ጅማ ነው የምኖረው። ከአንገት በላይ ክፍል በነርስነት ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ አዴኖይድ፣ ማለትም ከአፍንጫ ጀርባ ስላለችው፣ እንደ ቶንሲል በሽታ ለመከላከል ስለምታግዘው ሥጋ፣ የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴ። የልጃችሁን ጉዳይ የሚወስነው ግን ልጁን ያየው ሐኪም ነው።

ከአጋሮ፣ የ4 ዓመት ልጅ እናት፦ ሲስተር፣ ልጄ ሲተኛ ያንኮራፋል። አዴኖይድ ነው አሉኝ። አፉን ከፍቼ በባትሪ ባየው ምንም የለም። የት ነው ያለው?

እህቴ፣ በባትሪ አይታይም። ቶንሲል ጉሮሮ ላይ ግራና ቀኝ ስለሆነ ይታያል። አዴኖይድ ግን ከእንጥሉ በላይ፣ ከአፍንጫ ጀርባ ነው። ልጆች ሁሉ አላቸው። ከ3 እስከ 7 ዓመት አካባቢ ይተልቃል፣ ከዚያ እየሟሸሸ ይሄዳል። ሐኪሙ የሚያየው በጎን በሚነሣ ራጅ ወይም በአፍንጫ በምትገባ ቀጭን ካሜራ ነው።

ወደ ሐኪም ከመሄድሽ በፊት ሌሊት ሲተኛ በስልክሽ ቅረጪው። አንዲት እናት እንዲህ አድርጋ መጣች። ልጁ ቀን ደህና ነው፣ ኮሪደሩን ሲሮጥበት ነበር። ቪዲዮው ላይ ግን ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድምፁ ቀጥ አለ። ደረቱ ይሳባል፣ አየር ግን አይገባም። እስከ አሥር ቆጠርን። ከዚያ በርግጎ ተነፈሰ። እናቱ በየሌሊቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው ለካ።

ከጅማ፣ አባት፦ ሲያድግ የሚጠፋ ከሆነ ለምን ኦፕራሲዮን ይደረጋል?

ወንድሜ፣ ለሁሉም አይደረግም። ትንሽ የሚያንኮራፋ፣ በደንብ የሚተኛና የሚበላ ልጅ ክትትል ይበቃው ይሆናል። ሐኪሙ መጀመሪያ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት ለሳምንታት ሊያዝለት ይችላል፤ በዚያ የሚሻላቸው አሉ።

መጠበቅ የማይገባው እንደዚያ ቪዲዮ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥ ከሆነ ነው። ሌላው ጆሮ ነው። ያበጠው አዴኖይድ ከጆሮ ወደ አፍንጫ ጀርባ የሚመጣውን ቀጭን ቱቦ ይዘጋዋል፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። አያምም፣ ስለዚህ ማንም ልብ አይልም። ልጁ ቴሌቪዥን ድምፅ ጨምሩልኝ ይላል፣ ሲጠሩት አይዞርም። አስተማሪው «አያዳምጥም» ይላል፣ ቤት ደግሞ ይቆጡታል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ስላልሰማ የተገረፈ ልጅ አይቻለሁ። እባካችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩት።

ከሰቃ፣ አያት፦ ልጄ፣ እኛ ዘንድ እንጥሉን ሲቆረጥ ይሻለዋል ይባላል። ለምን ሆስፒታል እንንከራተታለን?

እማማ፣ ለልጅ ልጅዎ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እንጥልና አዴኖይድ ሌላና ሌላ ናቸው። እንጥል ቢቆረጥ አዴኖይዱ እዚያው ነው፤ የአፍንጫው መዘጋት አይለቅም። ቶንሲል በጣት ማስቧጠጥም እንደዚያው ነው። በምላጭ የተቆረጠ ሕፃን ደሙ አልቆም ብሎት ይመጣል፤ ቁስሉ የሚያመረቅዝበት፣ ቴታነስ የሚይዘውም አለ። እንጥል ደግሞ ስንውጥ ምግቡ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ያግዛል። እባክዎ እማማ፣ አያስነኩት።

ከመርካቶ ሰፈር፣ አባት፦ የምፈራው ማደንዘዣውን ነው። ባይነቃስ?

ይሄን ያልጠየቀኝ ወላጅ የለም። ሙሉ ማደንዘዣ ነው፣ ልጁ ምንም አይሰማውም። ጤነኛ ልጅ ላይ ከባድ ችግር የሚገጥመው ከስንት አንዴ ነው። ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅ ትንፋሹንና የልብ ምቱን የሚከታተል ባለሙያ ከጎኑ አይለይም።

ከእናንተ የሚጠበቀው ጾሙን መጠበቅ ነው። ምግብና የላም ወተት ኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት ሲቀረው፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ሲቀረው። ሆስፒታሉ የተለየ ሰዓት ከነገራችሁ የእነሱን ያዙ። ተራው ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ምግብ የለም ማለት ነው። «አንጀቴ አልችል አለ» ብላ ጠዋት ዳቦ በሻይ ያጎረሰች እናት አውቃለሁ። ተራው ተሰረዘ። ሐኪሙ ጨክኖ አይደለም። ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ልጁ ተኝቶ ሳለ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ትኩሳት ወይም ጉንፋን ከያዘው አትደብቁ፤ ቀኑ ይዛወራል። በቤተሰቡ ደም ቶሎ የማይቆምለት ሰው ካለም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

አንገቱ ላይ ጠባሳ ይተዋል?

አይተውም። በአፉ በኩል ገብተው ነው የሚያወጡት። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቶንሲሉም አብሮ ከወጣ ይረዝማል፣ ሕመሙም ይበረታል።

ከቆጪ፣ እናት፦ የእህቴ ልጅ ሲነቃ እየጮኸ፣ እናቱን ሳያውቃት ሲራገጥ ነበር። አእምሮው ተነክቶ ይሆን?

አልተነካም። አንዳንድ ልጆች ከማደንዘዣ ሲነቁ እንዲህ ይሆናሉ። ዓይኑ ተገልጦ ያለቅሳል፣ ግሉኮስ የተሰካበትን እጁን ሊነቅል ይታገላል። ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይረጋጋል፤ በኋላም አያስታውሰውም። አቅፋችሁ በስሙ እየጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውሩት። አንድ ጊዜ ጠቆር ያለ ደም ቢያስመልሰውም አትደንግጡ፣ ኦፕራሲዮኑ ላይ የዋጠው ነው።

ቤት ስንገባ ምን እናብላው? ምን እናድርግለት?

አጥሚት፣ ለብ ያለ ሾርባ፣ ሙዝ፣ ገንፎ ያለ በርበሬ። አቮካዶ እኛ አገር ሞልቷል፣ ፍጩለት። ቀዝቃዛ ነገርም ይችላል፤ «ብርድ ይመታዋል» አትበሉ። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ለጊዜው ይቅር። ቀይ ጭማቂም ባትሰጡት ጥሩ ነው፣ ቢያስመልሰው ከደም ጋር ያምታታችኋል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ፣ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ስጡት። አስፕሪን አትስጡ። ኮዴይን ያለበትን ሽሮፕ ደግሞ በፍጹም፤ የልጅን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

አፉ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይሸታል። ቁስሉ ሲድን ነው፣ ጥርሱን ይቦርሽ። ጆሮዬን ቢልም ሕመሙ ከጉሮሮ የሚመጣ ነው። ድምፁ በአፍንጫው የሚያወራ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ይስተካከላል። ሦስት ወር አልፎትም የሚጠጣው በአፍንጫው የሚወጣ ከሆነ መልሳችሁ አሳዩት።

አፍንጫው ውስጥ ዳማከሴም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ቅቤም አትጨምሩ። ቡና ሲቆላም ልጁን ሌላ ክፍል አስተኙት። ጅማ ላይ ቡና አታፍሉ ማለት አይቻል! ግን የቡናውም የዕጣኑም ጭስ ያስለዋል፣ ሳሉ ደግሞ ቁስሉን ይነካዋል። ለአንድ ሳምንት ያህል ትምህርት ቤት አይሂድ፣ ሩጫና ኳስም ይቅርበት።

ደም ሲባል ስንት ነው የሚያሰጋው?

ንፍጡ ላይ ክር የመሰለ ደም በመጀመሪያው ቀን አያስፈራም። ደማቅ ቀይ ደም ከአፍንጫው ወይም ከአፉ ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ተነሡ። ተኝቶ ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ልጅ ደም እየዋጠ ሊሆን ይችላል፤ ቀስቅሳችሁ አፉን እዩት። ደም የሚመጣው በመጀመሪያው ቀን ብቻ አይደለም፤ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለውም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከጅማ ርቃችሁ የምትኖሩ በዚያ ሰሞን ማታ መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ያዙ። አንዳች ጠብታ ውኃ አልወስድ ካለ ወይም ትኩሳቱ አልወርድ ካለም ውሰዱት።

በሽታ የመከላከል አቅሙ አይቀንስም?

ሰውነቱ ይሄንን ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ብዙ ቦታዎች አሉት። አይቸገርም።

ተመልሶ ይበቅላል?

አልፎ አልፎ፣ በተለይ በጣም ትንሽ ሆኖ የተሠራ ልጅ ላይ። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ግን ጥቂቱ ነው።

የጤና መድህን አለን። ቀጥታ ሆስፒታል እንሂድ?

ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩ፣ ሪፈር ይጻፍላችሁ። መታወቂያው መታደሱንም እዩ።

ከጅማ፣ እናት፦ ልጄ ከተሠራ ሦስት ሳምንቱ ነው። አሁን ድምፁ ስለማይሰማ እየደነገጥኩ እነሣለሁ። እጄን አፍንጫው ላይ አድርጌ ነው የማረጋግጠው። ደህና ነው?

ደህና ነው እህቴ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠቱ ስላለ ማንኮራፋቱ ይቆይ ነበር፤ አሁን እብጠቱ ወርዶ ነው። አፉ ተዘግቷል? እጅሽ ላይ ሞቅ ያለ አየር ይሰማሻል? እንግዲያው ተመልሰሽ ተኚ።