ሻምበልን ጠይቁ፦ ስለ መሣሪያ አያያዝና ስለ ጉዞ ሰልፍ

ሻምበል፦ እንደምን ዋላችሁ የጎንደር ልጆች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ቡናና ክርክር ነው፤ ስለዚህ ጠይቁ። የማልነካውን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ዋጋ ስንት ነው፣ የት ይገኛል፣ ማን ከማን ተጣላ፤ ይሄ የእኔ አይደለም። ለቀረው መልሴ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ አፈሙዙ ወዴት ነው የዞረው?

የቀሃው፦ ሻምበል፣ ክላሽ ባዶ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሻምበል፦ ጥሩ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር። ጣትህን ከምላጩ፣ ከመተኮሻው ማለቴ ነው፣ አርቅ። ከዚያ ጥይት የያዘውን ካዝና ንቀል። የማጉረሻውን እጀታ የምትስበው ካዝናው ከተነቀለ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ካገላበጥክ የጎረሰውን ጥይት ታስወጣለህ፣ ካዝናው ደግሞ ሌላ ያጎርስልሃል። አንተ «አወጣሁት» ብለህ ትዝናናለህ። የሚባርቀው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክላሽ መጠበቂያው ላይ ሆኖ እጀታው እስከ መጨረሻው አይሳብም። ስለዚህ ለማጣራት ስትል የመጠበቂያውን ማንሻ ዝቅ ታደርጋለህ። መጀመሪያ ጠቅ የሚልበት ቦታ ነጠላ ተኩስ እንዳይመስልህ፣ አውቶማቲክ ነው። ነጠላው ከታች ነው። ጣትህ ምላጩ ላይ ከሆነ ስንት ጥይት እንደሚወጣ አስበው። ከሳብክ በኋላ ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይንህ እይ፤ ከጨለመ በጣትህ ዳብስ።

ማራኪ፦ ክላሽ ይሻላል ምንሽር?

ሻምበል፦ ለምኑ? ቀጣይ።

የልጆች እናት፦ ሻምበል፣ የአባቴ ውጅግራ ሳሎን ተሰቅሏል። ከአያቴ የመጣ ነው። ባዶ ነው ይሉኛል። ልጆች አሉኝና ያሳስበኛል።

ሻምበል፦ እህቴ፣ ማን ከፍቶ አይቶት ነው ባዶ የተባለው? ውጅግራ የፈረንሳይ ሥራ ነው፣ የ1874 ሞዴል፣ በእነሱ አቆጣጠር። አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው፤ 11 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግን አንዱም ይበቃል። የሚያውቅ ሰው ጠርተው ይክፈትልዎት። ከዚያ ከግድግዳው ይውረድ። መሣሪያው አንድ ቦታ ይቆለፍ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ። ቁልፎቹም አብረው አይቀመጡ። «እንዳትነኩ» ብሎ ልጅ መምከር ብቻውን አያዋጣም፤ ልጅ እኮ የሚነካው እንዳይነካ የተባለውን ነው።

አሮጌውን ጥይት ደግሞ ማንም «እስኪ ልሞክረው» እንዳይል። ምላጩ ተስቦ ዝም ያለ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ሲያጋጥም አፈሙዙን ሳያዞሩ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መጠበቅ ነው። ስለ ፈቃዱ የ1177/2012 አዋጅ አለ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ። ታዲያ መሣሪያውን ተሸክመው አይደለም፣ ባዶ እጅዎን።

የአራዳ ልጅ፦ ለሰርግ ወደ ሰማይ መተኮስስ? ማንንም አይመታ።

ሻምበል፦ ሰማይ ላይ የሚቀር ጥይት አይተህ ታውቃለህ? የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ የሚወጣው በሴኮንድ ከ700 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። ቀጥ ብሎ የወጣው ሲመለስ ፍጥነቱ ቢቀንስም የራስ ቅል ሊበሳ ይችላል። ዘመም ብሎ የተተኮሰው ደግሞ ይብሳል፤ ሌላ ሰፈር ሄዶ ነው የሚያርፈው። ሙሽራው ዘንድ እልልታ፣ እዚያ ማዶ ልቅሶ።

የአራዳ ልጅ፦ ያለ ተኩስ የጎንደር ሰርግ ሰርግ ነው እንዴ?

የአዘዞው፦ አባቶቻችን ይተኩሱ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ያኔ አገሩ ገላጣ ነበር። ዛሬ ቤት በቤት ነው።

የአራዳ ልጅ፦ አንተ ደግሞ ሰርግ ጠርተኸን አታውቅ!

ሻምበል፦ ሰርጉን እዚያው ጨርሱት። ጥያቄ?

ደንቢያ፦ ሻምበል፣ ወታደር ሲጓዝ ለምንድን ነው ተራርቆ የሚሄደው? ሰልፉስ በምን ይወሰናል?

ሻምበል፦ ይሄን ነበር ስጠብቅ የነበረው! በመልክዓ ምድሩ ይወሰናል። ሊማሊሞ ላይ ብትሆን ገደሉ ሌላ ምርጫ አይሰጥህም፤ በአንድ ረድፍ ነው። የመጀመሪያው ፊት ለፊት ያያል፣ ሁለተኛው ቀኝ፣ ሦስተኛው ግራ፣ እንዲህ እየተፈራረቁ፤ የመጨረሻው ወደኋላ። አፈሙዝም ዓይንን ይከተላል። በዚህ ዓይነት ማንም ማንንም አያነጣጥርም። የናንተው የደንቢያ ሜዳ ላይ ከሆነ ሽብልቅ ትሠራለህ። አንዱ ከፊት፣ ሌሎቹ በግራና በቀኝ ሰያፍ ወደኋላ። ሜዳ ላይ በመካከላቸው አስር ሜትር ያህል ይተዋሉ፤ ጫካና ጨለማ ሲሆን ይጠጋጋሉ። አግድም በአንድ መስመር መዘርጋት ፊት ለፊት ብርቱ ነው፣ ጎኑ ግን ባዶ ነው፤ ለማዘዝም ያስቸግራል።

ሰው ሲደክመው ለወሬ ይጠጋጋል። አሰልጣኝ ቀኑን ሙሉ «ተራራቁ!» እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነው። አንዱ ቢደናቀፍና ቢባርቅበት እንኳ ጓደኛው አፈሙዙ ላይ አይገኝም።

የድሮውም ሰልፍ ነበረው። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝአዝማቹና ግራአዝማቹ በየጎናቸው፣ ንጉሡ መሐል፣ ደጀኑ ከኋላ። ድንኳኑም የሚተከለው በዚያው ቅደም ተከተል ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ውስጥ አንድ ጋሻ ጃግሬ በጨለማ ቢመጣ የጌታውን ድንኳን አያጣም።

የቀሃው፦ መተማ ላይ ታዲያ ይሄ ሰልፍ ምን ሆነ? አሸንፈን አልነበር?

የአዘዞው፦ ምን ማሸነፍ! ንጉሡ ወድቀው ጦሩ ተበትኖ?

የቀሃው፦ የድርቡሽ ምሽግ ተሰብሮ ነበር እኮ፣ አንብብ።

ሻምበል፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። በ1881 ምሽጉ ተሰብሯል፣ ድሉም ተቃርቦ ነበር። አፄ ዮሐንስ ሲመቱ ግን መሐሉ ፈረሰ። መሐሉ ሲፈርስ ቀኝና ግራው ማንን ይጠብቅ? ይሄን ሌላ ቀን በሰፊው እመለስበታለሁ። አሁን አትጎትቱኝ።

ሳሙናበር፦ ሻምበል አሁን ነው የገባሁት። ክላሽ ባዶ መሆኑን እንዴት ነው የሚታወቀው?

ሻምበል፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። ካዝናው መጀመሪያ!

ማራኪ፦ ሽጉጥስ?

ሻምበል፦ ያው ነው። ካዝናው መጀመሪያ። ጥይት አጉርሶ ወገብ ላይ ሻጥ የሚያደርግ ሰው ካለ አጠገቡ አትቀመጥ።

የአራዳ ልጅ፦ ሻምበል፣ እኔና ጓደኛዬ የተነሳነውን ፎቶ ልኬያለሁ። ማንገቻው አልረዘመም?

ሻምበል፦ አየሁት። ማንገቻውን ተወው። ጣትህ ምላጩ ላይ ነው፣ አፈሙዙ ደግሞ የጓደኛህ እግር ላይ። መጀመሪያ እሱን አስተካክል፣ ስለ ማንገቻው ከዚያ እናወራለን።