ክላቪክል ስትወልቅ ኦፕራሲዮን መቼ ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ስለ አንዲት አጥንት ናቸው። ከአንገት ሥር፣ ከደረት እስከ ትከሻ የተጋደመችው፣ እኛ ሐኪሞች ክላቪክል የምንላት። ሁለት ጫፍ አላት። በትከሻ በኩል ያለው ጫፍ ሲወልቅ ብዙ ጊዜ እናያለን። በደረት በኩል ያለው የሚወልቀው ከስንት አንዴ ነው፤ የሚያስፈራኝ ግን እሱ ነው።

«ዶክተር፣ ከሞተር ወድቄ ትከሻዬ ላይ አጥንቱ ጉብ ብሎ ቀረ። በጣቴ ስጫነው ይወርዳል፣ ስለቀው ይነሳል። ደረጃ ሦስት ነው ተባልኩ። አንዱ ሐኪም ኦፕራሲዮን ይላል፣ ሌላው እጅህን በጨርቅ አንጠልጥል ይበቃል ይላል። የቱን ልስማ?» (ከሐዋሳ)

ሁለቱም አላሳሳቱህም። ይህ ውልቃት ስድስት ደረጃ አለው። አንድና ሁለት ያለ ኦፕራሲዮን ይድናሉ። ከአራት እስከ ስድስት ያሉት፣ አጥንቱ ከቦታው እጅግ ርቆ ሲሄድ ወይም ወደ ኋላ ጡንቻ ውስጥ ሲሰነቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮን ይፈልጋሉ። ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚከራከሩት በሦስት ላይ ነው።

ካናዳ ውስጥ ትከሻቸው ሙሉ በሙሉ የወለቀ 83 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ያነጻጸሩ ሐኪሞች ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ብረት የገባላቸው ሰዎች ራጃቸው የተሻለ ነበር። በእጃቸው መሥራት ላይ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ብልጫ አልነበራቸውም። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ ያገገሙት ኦፕራሲዮን ያልተደረጉት ናቸው።

እኔ ብሆን እጄን ሁለት ሦስት ሳምንት አንጠልጥዬ ፊዚዮቴራፒ እጀምር ነበር። ሦስት ወር በደንብ ሠርተህ ሕመሙ ካልለቀቀህ ስለ ኦፕራሲዮን እንነጋገራለን። ጉብታው አይጠፋም። መልኩን ለማስተካከል ብቻ ብለህ ግን አትቀደድ። በጉብታው ፋንታ ጠባሳ ነው የምታተርፈው።

«የ17 ዓመት ልጄ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ሌላ ልጅ ትከሻው ላይ ወደቀበት። ከአንገቱ ሥር፣ ደረቱ ጋ፣ ጎድጎድ ብሏል። ምግብ ስውጥ ያመኛል ይላል። ራጁ ምንም የለውም ተባለ። ወጌሻ ጋ ልውሰደው?» (እናት፣ ከደሴ)

እህቴ፣ ለእርስዎ የዚያኑ ዕለት ደውዬ ነግሬዎታለሁ። እዚህ የምጽፈው ለሌሎች ወላጆች ነው። ወጌሻ እንዳይነካው! የአጥንቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከጀርባው የአየር ቧንቧ፣ የምግብ ቧንቧና ወደ ጭንቅላትና ወደ ክንድ የሚሄዱት ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ። መዋጥ ካስቸገረው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም እጁ ከደነዘዘ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ተራ ራጅ ይህን ጉዳት ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ሲቲ ስካን ይጠይቁ። አጥንቱ የሚመለሰው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ፣ የደረት ቀዶ ሐኪም በቅርብ እያለ ነው። ልጁ በጀርባው ይተኛል፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል የተጠቀለለ ጨርቅ ይደረግለታል፣ ከዚያ ክንዱ ቀስ ተብሎ ይሳባል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከሆነ የመሳካት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እንቢ ካለ ተከፍቶ በጅማት ይታሰራል። እዚህ ቦታ ላይ ቀጭን ሽቦ አይገባም። ከቦታው ተነቅሎ እስከ ልብ የተጓዘበት ጊዜ አለ።

በዚህ በኩል የአጥንቷ እድገት የሚያበቃው በ23 እና በ25 ዓመት መካከል ነው። ስለዚህ በወጣቶች ላይ ውልቃት የሚመስለው ብዙ ጊዜ የእድገቱ መስመር ላይ የደረሰ ስብራት ነው። ጫፉ ወደ ውጭ ከወጣ ግን ብዙም አያስጨንቅም፤ አብዛኛው ያለ ኦፕራሲዮን ይታለፋል።

«ዱባይ ሳለሁ መንጠቆ ያለው ብረት ትከሻዬ ላይ ገባልኝ። አራት ወር ሆነኝ። እጄን ከፍ ሳደርግ ይቆረቁረኛል። ይውጣ?» (ከአዲስ አበባ)

አዎ፣ ይውጣልሽ። መንጠቆው የትከሻሽን ጣሪያ ከሥር ደግፎ ስለተቀመጠ እጅሽን ባነሳሽ ቁጥር አጥንቱን ይፈገፍገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ ይወጣል። እስኪወጣ እጅሽን ከትከሻ በላይ አታንሺ። ስትሄጂ የዱባዩን የኦፕራሲዮን ወረቀት ያዢ። ሐኪሙ የብሎኑን ዓይነት አውቆ የሚገጥመውን መፍቻ ማዘጋጀት አለበት። በጠንካራ ክርና የልብስ ቁልፍ በሚመስሉ ሁለት ትንንሽ ብረቶች የታሰረላችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስወጣት አያስፈልጋችሁም።

«ከወለቀ ስምንት ወር አልፎታል። ያመኛል፣ ዕቃ መሸከም አልቻልኩም። ረፍዷል?» (ከባሕር ዳር)

አልረፈደም፣ ሥራው ግን ይለያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥንቱን ወደ ቦታው ካቀረብነው የተበጠሱት ጅማቶች ራሳቸው ይጠግናሉ። አሁን ግን ተኮማትረዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከራስህ ጉልበት ጀርባ ጅማት ወስደን፣ ከትከሻ ፊት ካለችው የቁራ ምንቃር ከምትመስል አጥንት ጋር ክላቪክሏን እናስራለን። እጅህ ስድስት ሳምንት ገደማ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሸክም የምትጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ወር በኋላ ነው። ቀጠሮ ከመያዝህ በፊት ያን ያህል ጊዜ ከሥራ መቅረት እንደምትችል ከቤተሰብህም ከአሠሪህም ጋር ተነጋገር።